የአረጋውያን ቁጥር መብዛት የጤና ሥርዓትን የሚያስጨንቀው በየት በኩል ነው?

ፋኖስ (ጠያቂ)

ለመድረኩ አባላት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ስለ ሕዝብ እርጅና በተነሣ ቁጥር የምንሰማው ነገር ሁልጊዜ አንድ ነው፤ አረጋውያን እየበዙ ወጣቶች እያነሱ ሲሄዱ የአገር የጤና ሥርዓት ሸክሙን መቋቋም ያቅተዋል ይባላል። ቁጥሩን አልክድም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ሰዎች በ2020 ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት በልጠዋል፤ በ2050 ደግሞ 2.1 ቢሊዮን ይደርሳሉ ተብሎ ይገመታል። (ዓመቶቹን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ መልስ የምትሰጡም እንዲሁ ብታደርጉ ከመምታታት እንድናለን።)

የእኔ ጥያቄ ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለውን ይመለከታል። ሥርዓቱ ይጨነቃል ሲባል የሚጨነቀው የትኛው ክፍሉ ነው? ገንዘቡ ነው፣ አልጋው ነው፣ ወይስ ባለሙያው? ሰው በዕድሜ ሲገፋ መታመሙ አዲስ ነገር አይደለም፤ የሕክምና ወጪ ደግሞ አረጋውያን ገና ባልበዙባቸው አገሮችም ሲንር እናያለን። ስለዚህ ከጭማሪው ምን ያህሉ ከእርጅና፣ ምን ያህሉስ ከሌላ ምክንያት እንደመጣ ለይቶ የሚያስረዳኝ ሰው እፈልጋለሁ። ሌላው ጥያቄዬ፣ ገንዘቡ ውስን የሆነ መንግሥት አንድ ነገር ብቻ አስቀድሞ መሥራት ቢችል የትኛውን ይምረጥ የሚል ነው። "ሁሉም ያስፈልጋል" የሚለው መልስ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ለበጀት ክርክር ግን አይረዳም።

ቀመር

በዚህ ጉዳይ ላይ በብዛት የሚቀርበው ስሌት ከሥሩ ጉድለት ስላለበት ጥያቄዎ ተገቢ ነው። የተለመደው አሠራር በየዕድሜ ክልሉ ያለ ሰው በዓመት በአማካይ ምን ያህል የሕክምና ወጪ እንዳለው ወስዶ፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ይኖራሉ ተብለው በሚገመቱት አረጋውያን ብዛት ማባዛት ነው። የሚወጣው ድምር በእርግጥም ያስደነግጣል። ስሌቱ የዘነጋው ነገር ግን አለ፤ የ80 ዓመት ሰው ከ50 ዓመት ሰው የበለጠ ወጪ የሚያስወጣበት አንዱ ዋና ምክንያት ዕድሜው ሳይሆን ለሞት መቅረቡ ነው። በሽታ የሚጠናው፣ ሆስፒታል መመላለስ የሚበዛው፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚገባውም በአብዛኛው ሰው ከመሞቱ በፊት ባሉት ወራት ነው። በ80ዎቹ ውስጥ ካሉት ሰዎች መካከል በዚያው ዓመት የሚሞቱት ብዙ ስለሆኑ የዕድሜ ክልሉ አማካይ ወጪ ከፍ ብሎ ይታያል። ዕድሜ ሲረዝም ግን ያ ውድ የሆነው የመጨረሻ ጊዜ ይዘገያል እንጂ አይደጋገምም። ፒተር ዝዋይፌል የተባሉት የምጣኔ ሀብት ምሁርና ባልደረቦቻቸው ይህንን ሐሳብ በ1999 ባወጡት ጥናት አንስተው ሰፊ ክርክር ቀስቅሰዋል። ከዚያ ወዲህ በተደረጉት ጥናቶች የዕድሜ ድርሻ ጨርሶ ባይሰረዝም በፊት ከተገመተው ዝቅ ብሏል።

ታዲያ ወጪውን የሚያንረው ምንድን ነው? በበለጸጉት አገሮች ባለፉት አሥርት ዓመታት ከታየው ጭማሪ አብዛኛው የመጣው ለእያንዳንዱ ታካሚ የሚደረገው ነገር እየበዛና እየተወደደ በመሄዱ ነው። ቀድሞ ለ85 ዓመት ሰው የማይታሰብ የነበረው የልብ ቫልቭ ቅየራ፣ በ2002 ፈረንሳይ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በደም ሥር በኩል ከተሠራ ወዲህ፣ ደረት ሳይከፈት ይከናወናል። ይህ ትልቅ እመርታ ነው፤ ወጪም ነው። ሌላው ምክንያት የምጣኔ ሀብት ምሁሩ ዊልያም ባውሞል በ1960ዎቹ ያስረዱት ነው። ፋብሪካ በአንድ ሰዓት የሚያመርተው ከዓመት ዓመት ሲጨምር ደመወዝም አብሮ ያድጋል፤ ነርስ የአንድ ሰው ቁስል ለማጠብ የሚፈጅባት ጊዜ ግን ያው ነው። ደመወዟ ከሌላው ሠራተኛ ጋር እኩል ካላደገ ሥራውን ትታ ትሄዳለች፤ ካደገ ደግሞ ቁስል የማጠቡ ዋጋ ከሌሎች ነገሮች አንጻር እየተወደደ ይመጣል።

ይህን ስል እርጅና ጫና አያመጣም ማለቴ አይደለም። ጫናው የሚከብደው ከወጪው ይልቅ በገቢው በኩል ነው። አብዛኞቹ የማኅበራዊ ጤና መድን ሥርዓቶች የዛሬ ሠራተኛ ያዋጣውን ለዛሬ ታካሚ ይከፍላሉ እንጂ ለሠራተኛው የራሱ እርጅና አያስቀምጡለትም። ጃፓን ውስጥ 65 ዓመት ያለፋቸው ሰዎች ከሕዝቡ 29 በመቶ ገደማ ደርሰዋል፤ ለእያንዳንዱ አረጋዊ በሥራ ዕድሜ ላይ ያሉት ሁለት ሰዎች ገደማ ብቻ ናቸው። የአንድ ታካሚ ወጪ አንዲት ሳንቲም ባይጨምር እንኳ የአዋጪዎቹ ቁጥር ሲመናመን እያንዳንዳቸው የሚከፍሉት ይጨምራል።

የዋርድ ነርስ

ቀመር ስለ ገንዘቡ የጻፉትን አልቃወምም። እኔ ግን ብዙ ዓመት የሠራሁት በውስጥ ደዌ ክፍል፣ ተኝተው በሚታከሙ ሕሙማን ዘንድ ስለሆነ ጭንቀቱን የማየው ከአልጋው በኩል ነው። ሆስፒታል የተደራጀው አንድ በሽታ ይዞ ለሚመጣ ሰው ነው፤ የሳንባ ምች የያዘው ወጣት ገብቶ፣ ታክሞ፣ ድኖ ይወጣል። በዕድሜ የገፋው ታካሚ ግን የልብ ድካም፣ ስኳር፣ የተዳከመ ኩላሊትና የማያይ ዓይን በአንድ ላይ ይዞ ነው የሚመጣው፤ እያንዳንዱን ችግር የሚያየው ሐኪም የተለያየ ነው፤ ሁሉንም አንድ ላይ የሚያየው ማን እንደሆነ ብትጠይቁ ብዙ ጊዜ መልስ አይገኝም።

ይህ ምን እንደሚያስከትል በምሳሌ ላስረዳ። አንዲት እናት ለደም ግፊት አምሎዲፒን ይታዘዝላቸዋል፤ ቁርጭምጭሚታቸው ያብጣል። እብጠቱ የመድኃኒቱ የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳት ነው። ሌላ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ግን እንደ አዲስ ችግር ተቆጥሮ የሚያሸና መድኃኒት ይጨመርላቸዋል። ሽንቱ ሌሊት ደጋግሞ ያስነሣቸዋል፤ ከአልጋ ሲነሡ ግፊታቸው ስለሚወርድ ያዞራቸዋል፤ በጨለማ ወደ መጸዳጃ ሲያመሩ ይወድቁና ዳሌያቸው ይሰበራል። ወደ እኛ የሚመጡት በስብራት ነው፤ በካርዳቸው ላይ የሚጻፈውም ስብራት ነው፤ በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርት ላይም ከእርጅና ጋር የተያያዘ ወጪ ተብሎ ይደመራል። መነሻው ግን ያሉትን መድኃኒቶች በሙሉ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ "ይሄ ለምን ተጀመረ?" ብሎ የጠየቀ ሰው አለመኖሩ ነበር።

ከዚያ ቀጥሎ አልጋው ራሱ ማሳመም ይጀምራል። አረጋዊ ሰው ጥቂት ቀናት ሳይነሣ ሲተኛ የእግሩ ጡንቻ በፍጥነት ይሟሽሻል፤ ከወጣት በተለየ የጠፋውን ለመመለስም እጅግ ይቸገራል። ቦታው አዲስ ሲሆንበት፣ መነጽሩና የጆሮ ማዳመጫው ቤት ሲቀር፣ ሌሊቱን እንቅልፍ ሲያጣ፣ ሐኪሞች ዲሊሪየም የሚሉት ድንገተኛ የአእምሮ መዘበራረቅ ይይዘዋል፤ ቤተሰብም አረጀና ጃጀ ብሎ ይቀበለዋል። በእግሩ የመጣ ሰው በተሽከርካሪ ወንበር ይወጣል።

ይወጣል ካልን ነው እንግዲህ። ሐኪሙ ሕክምናው አብቅቷል ብሎ ከፈረመ በኋላ በአልጋቸው ላይ የሚቆዩ ሰዎች አሉ፤ ቤታቸው ደረጃ አለው፣ ኢንሱሊን የሚወጋላቸው የለም፣ ልጃቸው ሥራ ውላ የምትገባው ማታ ነው። በ2022 እና በ2023 መካከል በነበረው ክረምት እንግሊዝ ውስጥ በአንድ ቀን ከ12 ሺህ በላይ ሰዎች ለመውጣት ብቁ ሆነው ሳለ በሆስፒታል አልጋ ላይ ነበሩ። አልጋው ካልተለቀቀ ድንገተኛ ክፍል ያለው ታካሚ ወደ ላይ አይወጣም፤ እሱ ካልወጣ አምቡላንስ ያመጣችውን የምታወርድበት ታጣለች፤ ቤቱ ውስጥ ወድቆ አምቡላንስ የሚጠብቀው ሰው ደግሞ ወለል ላይ ሰዓታት ይቆጥራል። አገሩ ሁሉ የሚያየው የድንገተኛ ክፍሉን ሰልፍ ነው፤ መንሥኤው ግን ከሆስፒታሉ ግቢ ውጭ ነው።

ነገሩ አዲስ ግኝት አለመሆኑ ያናድደኛል። ማርጆሪ ዋረን የተባሉት እንግሊዛዊት ሐኪም በ1935 ለንደን ውስጥ አይድኑም ተብለው ለዓመታት አልጋ ላይ የቀሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሕሙማንን ሲረከቡ፣ እያንዳንዱን ሰው ከሥር ከመሠረቱ መርምረው፣ የሚነሣውን አስነሥተው፣ የሚራመደውን አለማምደው፣ ብዙዎቹን ወደ ቤታቸው መልሰዋል። የአረጋውያን ሕክምና ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ የተወለደው ከዚያ ነው።

ተሟጋች

የሁለታችሁንም አስተያየት በጥሞና አንብቤዋለሁ፤ ከሁለታችሁም የጎደለ ነገር አለ። ቀመር ቀረብ ያለውን ሞት ከዕድሜ ለይተው ያቀረቡት ለሆስፒታል ሕክምና ይሠራል፤ ለረጅም ጊዜ እንክብካቤ ግን አይሠራም። ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማጉረስ፣ ሌሊት መጠበቅ ከሞት በፊት ባሉ ጥቂት ወራት ብቻ የሚያስፈልግ ነገር አይደለም። የመርሳት በሽታ የያዘው ሰው ለብዙ ዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ በሽታው ደግሞ ከዕድሜ ጋር ቀጥታ ይጨምራል። በዓለም ጤና ድርጅት አኃዝ መሠረት በ2021 ከሕመሙ ጋር ይኖሩ የነበሩት 57 ሚሊዮን ሰዎች ናቸው፤ በ2019 በዓለም ኢኮኖሚ ላይ ያስከተለው ወጪ 1.3 ትሪሊዮን ዶላር ተገምቷል። ከዚህ ገንዘብ ግማሽ ያህሉ በየትኛውም የጤና ሚኒስቴር በጀት ላይ አይገኝም፤ ያለ ክፍያ የሚያስታምሙ ቤተሰቦች የጉልበትና የጊዜ ዋጋ ነውና። የማስታመሙን ሰዓት 70 በመቶ የሚሸፍኑት ሴቶች ናቸው። ሥራዋን ትታ እናቷን የምታስታምመው የ50 ዓመት ሴት ደመወዝ ስለሌላት መዋጮም አትከፍልም። ስለዚህ ለመንግሥት በነፃ የተገኘ የሚመስለው እንክብካቤ ቀመር የጠቀሱትን የገቢ ጉድለት ያባብሰዋል።

የዋርድ ነርስ ደግሞ ሰዎቹ ወደ ቤታቸው ይመለሱ ሲሉ እቤት የሚጠብቃቸው እጅ ከየት ይመጣል የሚለውን አልፈውታል። በ2030 ዓለም 11 ሚሊዮን ገደማ የጤና ሠራተኛ ይጎድላታል ተብሎ ይጠበቃል። ነርሶችም እንደማንኛውም ሰው ያረጃሉ፤ በብዙ አገሮች ከነርሶቹ ብዙዎቹ ጡረታ ለመውጣት የተቃረቡት አረጋውያኑ በበዙበት በዚሁ ጊዜ ነው። የበለጸጉት አገሮች የያዙት መፍትሔ ከድኻ አገሮች መቅጠር ሆኗል። የዓለም ጤና ጉባኤ በ2010 ስለ ዓለም አቀፍ የጤና ባለሙያዎች ቅጥር የሥነ ምግባር ደንብ አጽድቋል፤ ደንቡ ግን አስገዳጅ አይደለም፤ እናም አንድ አገር ሌላውን አራቁቶ የራሱን ጉድለት መሸፈኑ ቀጥሏል። ሮቦት ያስታምማል የሚሉትን ተስፈኞች ለጊዜው ልለፋቸው።

ፋኖስ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እስካሁን የተረዳሁት፣ ጫናው ሕክምናው አብቅቶ እንክብካቤው በሚጀምርበት ቦታ ላይ እንደሚጠና ነው። እንዲህ ከሆነ ለዚያ እንክብካቤ ማን ይክፈል? ታካሚው ራሱ፣ ቤተሰቡ፣ ወይስ እንደ ሕክምናው ሁሉ የጋራ መዋጮ? ይህንን የሞከሩ አገሮች ምን ገጠማቸው?

መዝገቡ

በዚህ ረገድ ከሁሉ የሚያስተምረው የጃፓን ታሪክ ይመስለኛል፤ አንድ መንግሥት መልካም አስቦ በተሳሳተ በር ሲገባ ምን እንደሚከተል በግልጽ ያሳያልና። ጃፓን በ1961 መላ ሕዝቧን የጤና መድን አባል አደረገች። በ1973 ደግሞ፣ ኢኮኖሚዋ እያደገ በነበረበት ሰዓት፣ 70 ዓመት ላለፋቸው ሰዎች ሕክምናን ነፃ አደረገች። የቤት ለቤት እንክብካቤም ሆነ የአረጋውያን መኖሪያ በበቂ ሁኔታ ስላልነበረና የነበረውም በብዙዎች ዘንድ የሚያሳፍር የድኾች መጠጊያ ተደርጎ ይታይ ስለነበር፣ ቤተሰቦች አባትና እናቶቻቸውን ነፃ ወደ ሆነው በር፣ ወደ ሆስፒታል ወሰዱ። ሕክምና የማያስፈልጋቸው፣ ግን የሚያጥባቸውና የሚያበላቸው የሌላቸው ሰዎች ለወራትና ለዓመታት አልጋ ይዘው ቀሩ። ጃፓኖች ራሳቸው ሁኔታውን "ማኅበራዊ ሆስፒታል መግባት" ብለው ሰይመውታል። ነፃ ሕክምናው ከአሥር ዓመት በኋላ በ1983 ቀርቶ መጠነኛ ክፍያ ተተካበት፤ ሰዎቹ ግን መሄጃ ስላልነበራቸው ችግሩ በክፍያው ብቻ አልተፈታም።

እውነተኛው ለውጥ የመጣው የረጅም ጊዜ እንክብካቤ መድን ሕግ በ1997 ወጥቶ በሚያዝያ 2000 ሥራ ላይ ሲውል ነው። 40 ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ ያዋጣል፤ የወጪው ግማሽ ከመዋጮ፣ ግማሹ ከግብር ይሸፈናል። እንክብካቤ የሚፈልግ ሰው አቅሙ ተመዝኖ በሰባት ደረጃዎች በአንዱ ይመደባል፤ በደረጃው ልክ የቤት ለቤት እርዳታ፣ የቀን ማቆያ ወይም መኖሪያ ያገኛል፤ ከዋጋው አንድ አሥረኛውን፣ ገቢው ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ እስከ 30 በመቶ ይከፍላል። ጥሬ ገንዘብ ለቤተሰብ እንዳይሰጥ የተወሰነው ታስቦበት ነው፤ ገንዘቡ ከተሰጠ ምራቶች ቤት ውስጥ ታስረው ይቀራሉ የሚለው የሴቶች ማኅበራት ክርክር ሚዛን ደፍቶ ነበር።

ጀርመን በዚሁ ነጥብ ላይ ተቃራኒውን መርጣለች። በ1995 የጀመረችው የእንክብካቤ መድን ባለመብቱ ከባለሙያ አገልግሎትና ከጥሬ ገንዘብ እንዲመርጥ ይፈቅዳል፤ ጥሬ ገንዘቡ ከአገልግሎቱ ዋጋ ያነሰ ቢሆንም ብዙ ቤተሰቦች የሚመርጡት እሱን ነው። መዋጮው ሲጀመር ከደመወዝ 1 በመቶ ነበር፤ በ2025 3.6 በመቶ ደርሷል፤ ልጅ የሌላቸው ደግሞ ከዚህ በላይ ይከፍላሉ። ጭማሪው የሕዝቡ እርጅና ውጤት ብቻ አይደለም፤ በ2017 የመመዘኛው መስፈርት ሲሻሻል ቀድሞ ተዘንግተው የነበሩት የመርሳት ሕሙማን በሚገባ መታየት በመጀመራቸውም ጭምር ነው።

እንግሊዝ ከሁለቱም የተለየች ናት። በ1948 የተመሠረተው ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ሲታከሙበት ነፃ ነው፤ እንክብካቤው ግን በአካባቢ አስተዳደሮች እጅ ቀርቶ በንብረት ምዘና ላይ ተመሥርቷል። ካንሰር የያዘው ሰው ሕክምናውን በነፃ ሲያገኝ የመርሳት በሽታ የያዘው ጎረቤቱ ግን ለመኖሪያ እንክብካቤ ቤቱን እስከመሸጥ ሊደርስ ይችላል። የዋርድ ነርስ የገለጹት የአልጋ መታነቅ ከዚህ የበጀት መለያየት ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። ለእንክብካቤ ገንዘብ የቀነሰው አስተዳደር ኪሳራውን ራሱ አያየውም፤ ሆስፒታሉ ያይለታል።

ስለ ጊዜም አንድ ነገር ልጨምር። 65 ዓመት ያለፋቸው ሰዎች ድርሻ ከ7 ወደ 14 በመቶ እስኪያድግ ፈረንሳይ ከመቶ ዓመት በላይ ወስዶባታል፤ ጃፓን ግን በ24 ዓመት፣ ከ1970 እስከ 1994 ባለው ጊዜ፣ ጨርሳዋለች። አሁን በማደግ ላይ ካሉ አገሮች ብዙዎቹ የሚሄዱት በጃፓን ፍጥነት ነው፤ ጃፓን በ1970 የነበራትን ሀብት ግን ገና አልያዙም። በ2050 ከዓለም አረጋውያን 80 በመቶ የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ይኖራሉ ተብሎ ይጠበቃል። ለእነዚህ አገሮች የ1973ቱን ስሕተት መድገም ከጃፓን ይልቅ ይከብዳቸዋል።

የዋርድ ነርስ

ፋኖስ አንድ ነገር ብቻ ይመረጥ ስላሉ የእኔን ምርጫ ላስቀምጥ። ገንዘቡን ቤት ለቤት ለሚሄድ ቡድን አውለዋለሁ፤ አንዲት ነርስ፣ አንድ ፊዚዮቴራፒስት፣ ከጀርባቸው መድኃኒቶችን በየጊዜው የሚከልስ አንድ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ካለ ይበቃል። ከሆስፒታል የወጣን ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቤቱ ሄዶ ማየት፣ አምስትና ከዚያ በላይ መድኃኒት የሚወስደውን ሰው ከረጢት ዘርግፎ የማያስፈልገውን መቀነስ፣ ከአልጋ እስከ መጸዳጃ ያለውን መንገድ መብራትና መያዣ እንዲኖረው ማድረግ፣ እነዚህ ሁሉ አዲስ ሕንፃ የማይጠይቁ ሥራዎች ናቸው። ተሟጋች ያነሡት የሰው ኃይል እጥረት እውነት ነው፤ ሆኖም ለዚህ ሥራ ግማሹ አጭር ሥልጠና ባገኙ ረዳቶች ሊሸፈን ይችላል፤ ደመወዛቸው ከቤት ሠራተኛ ደመወዝ በታች እስካልሆነ ድረስ።

ቀመር

ከነርሷ ምርጫ ጋር እስማማለሁ፤ ለገንዘብ ሚኒስትር የሚቀርብበት መንገድ ላይ ግን ማስጠንቀቂያ አለኝ። ብዙ ጊዜ የቤት ለቤት እንክብካቤ የሆስፒታል ወጪ ቀንሶ ራሱን ይከፍላል ተብሎ ይቀርባል። በአንድ አልጋ ላይ ከተሰላ እውነት ሊሆን ይችላል፤ በአገር ደረጃ ግን አገልግሎቱ ሲከፈት እስከዚያ ድረስ ሳይጠይቁ፣ በቤተሰብ ትከሻ ላይ ተደብቀው የኖሩት ሰዎች ይመጣሉ። የተለቀቀው አልጋም ባዶ አይቀርም፤ ወረፋ ሲጠብቅ የነበረው ይተኛበታል። በጃፓንና በጀርመን መድኑ ከተጀመረ በኋላ የተጠቃሚው ቁጥር በፍጥነት ማደጉ አንዱ ምክንያቱ ይኸው ነው። ቁጠባ ይገኛል በሚል ቃል የተፈቀደ በጀት በሁለተኛው ዓመት ወጪው ሲጨምር የመጀመሪያው ተቆራጭ ይሆናል። ስለዚህ ሚኒስትሩ ፊት የሚቀርበው ቃል ኪዳን የሚለካ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ለመውጣት ብቁ ሆነው በአልጋ የሚቆዩ ሰዎች የሚያሳልፉት ቀን፣ ከወጡ በ30 ቀን ውስጥ ተመልሰው የሚተኙ ሰዎች ብዛት፣ የዳሌ ስብራት ቁጥር። ሦስቱም አብዛኛው ሆስፒታል ካለው መዝገብ ሊወጡ የሚችሉ ናቸው፤ ቆጠራውም ቡድኑ ሥራ ከመጀመሩ ቢያንስ አንድ ዓመት አስቀድሞ መጀመር አለበት፤ አለበለዚያ ለውጡ የሚነጻጸርበት መነሻ አይኖርም።